በየትኛው ክንድ?

የራጅ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የኮቪድ ክትባት ገና ለሰው መሰጠት በጀመረበት በ2021 መጀመሪያ፣ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የጡት ምርመራ ክፍል ነበር። ሥራዬ ትንሽ ነው። ታካሚዋን ከመጠበቂያው እጠራለሁ፣ በፊት በኩል የሚከፈተውን ጋውን እሰጣታለሁ፣ በቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እጠይቃለሁ፣ ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ ማሽኑን በመድኃኒት እወለውላለሁ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰውና ፎቶውን የምታነሳው አለቃዬ ናት። እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ፤ ስትፈቅድልኝ ትከሻ እይዛለሁ፣ ክንድ አነሳለሁ።

አለቃዬ ፊሊፒናዊት ናት። ከዚህ ሥራ በፊት ባሕር ኃይል ውስጥ ነበረች። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፤ ግን “ትንፋሽ ያዢ!” ስትል በመጠበቂያው ክፍል ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን የሚይዙ ይመስለኛል።

እሷን ለማስደሰት የማላደርገው ነገር አልነበረም። አባቴ ከከተማው ውጭ ኤፔክስ በሚባል ቦታ የሚሠራበት መጋዘን ሺፍቱ ጎህ ሲቀድ ስለሚጀምር፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ካለው ቤታችን አብሬው ወጥቼ ሆስፒታሉ በር ላይ ያወርደኛል። ክፍሉ እስኪከፈት አንድ ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ። ሲከፈት ማታ የተወለወለውን ማሽን እንደገና እወለውላለሁ፣ የታጠፈውን ጋውን ፈትቼ መልሼ አጥፋለሁ። መቀመጥ አልችልም ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ እጄን ያዘችኝና “ልጄ፣ ማሽኑ ቆዳ የለውም እንጂ ይላጥ ነበር” አለችኝ።

በቅጹ ግርጌ በብጣሽ ወረቀት የተለጠፈ አዲስ ጥያቄ ነበር፦ የኮቪድ ክትባት ወስደዋል? መቼ? በየትኛው ክንድ? ምክንያቱን በመጀመሪያው ቀን አስረዳችኝ። ክትባት የተወጋ ሰው በዚያው በኩል በብብቱ ውስጥ ያለው ዕጢ ሊያብጥ ይችላል። እኛ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው። ሐኪሙ ፎቶው ላይ ያበጠ ዕጢ ሲያይ ደግሞ፣ የክትባቱን ነገር ካላወቀ፣ መጀመሪያ የሚያስበው ካንሰርን ነው።

“ይቺ ብጣሽ ወረቀት ሴትን ከናሙና መርፌ ታድናለች” አለችኝ። “እንዳትዘያት።”

አልዘለልኳትም። የሠራሁት ስህተት ከመዝለል የባሰ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቀጠሮ ዝርዝሩ ላይ የማውቀው ስም አየሁ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት መሪ ናቸው። ከእናቴ ጋር በየሳምንቱ በስልክ የሚጸልዩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው የአሜሪካን ሠራዊት ተቀላቅለው ኩዌት በረሃ ውስጥ የጭነት መኪና እንደነዱ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የክፍል አጽጂዎች ኃላፊ ናቸው።

“የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው!” አልኳት አለቃዬን።

“ይከብድሻል? ሌላ ሰው ልትጠይቃት ትችላለች።”

“ኧረ እኔ እወስዳቸዋለሁ! በአማርኛ ነው የማናግራቸው።”

አገራቸውን የምታውቅ ልጅ ስትቀበላቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ይክበዳቸው አይክበዳቸው እሳቸውን መጠየቅ ግን ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ስማቸውን ስጠራ ቀና አሉ። ማስካቸው እስከ ዓይናቸው ድረስ ነው።

“ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?”

“እኔ ነኝ እትዬ። እንደምን አሉ?”

“እናትሽ ሐኪም ቤት ትማራለች ስትል ሰምቻለሁ፤ እዚህ ነሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።” ወዲያ ወዲህ ተመለከቱ። “በገና ድራማ በግ ሆነሽ የሠራሽው ልጅ አይደለሽ? አሁን የሰው ጡት ታያለሽ ማለት ነው?”

“እኔ እረዳለሁ እንጂ የምታነሳው አለቃዬ ናት።”

“ጉድ ነው” አሉና ተከተሉኝ።

ጋውኑን ለብሰው ሲጨርሱ ቅጹን ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል፤ ሠራዊቱ ያስተማራቸው ነው። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ አማርኛ እየመለስኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

“ዲዮዶራንት ወይም ፓውደር ተቀብተዋል?”

“አልተቀባሁም። በስልክ ነግረውኛል።”

“በቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ?”

“የለም። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከጉልበቷ ሕመም በቀር ምንም የለባትም።”

“የኮቪድ ክትባት ወስደዋል?”

ሳቅ አሉ።

“እኔን ታውቂኛለሽ አይደል?”

“አዎ እትዬ።”

“እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?”

እኔም ሳቅሁ። አውቃቸዋለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በስልኩ ጸሎት ላይ፣ የእናቴ ስልክ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ “የእኔ ክትባት የኢየሱስ ደም ነው! ሌላ መርፌ አላውቅም!” ሲሉ፣ የሌሎቹ ሴቶች “አሜን” ወጥ ቤቱን ሲሞላው ሰምቻለሁ። ስለዚህ “አልወሰዱም” የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ከአፋቸው “አልወሰድኩም” የሚል ቃል አልወጣም። መልሱን የሞላሁት እኔ ነኝ።

የምርመራው ክፍል ስንገባ አለቃዬ ጀርባዋን ሰጥታን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፍ ነበር። መጀመሪያ የሚነሳው ግራው ስለሆነ የጋውኑን ግራ እጅጌ ላወልቅላቸው ተጠጋሁ። እጅጌው ሲወርድ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ አንዲት ክብ ትንሽ ፕላስተር አየሁ። ጠርዟ ተላጦ ተጠቅልሏል። እሳቸውም ማየቴን አዩ። በቀኝ እጃቸው ፈጥነው ላጧትና በመዳፋቸው ውስጥ ጨበጧት።

“ልብስ ፈትጎኝ ነው” አሉ ቀስ ብለው።

“እሺ እትዬ” አልኩ።

አለቃዬ ዞረች፤ ፎቶው ተነሳ። ክንዳቸውን ወደ ላይ ሳነሳ ፊታቸውን አጨማደዱ። “ያምዎታል?” አልኳቸው። “ፍራሽ ስንገለብጥ ነው የምንውለው፤ ያማል እንጂ” አሉ። ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ማስክ ለማስክ። “ጎበዝ፣ በርቺ” አሉኝ።

እኔ ያቺን ፕላስተር አውቃታለሁ። ሆስፒታሉ ሠራተኞቹንና ተማሪዎቹን ሲከትብ ጥር ላይ የእኔም ክንድ ላይ ተለጥፋ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ክንዴ ሲያመኝ “ቦርሳው ከብዶኝ ነው” ብያታለሁ። ክንድ የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ከእኔ የበለጠ ሊያውቅ የሚገባ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። ያም ሆኖ “ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?” ማለት አልቻልኩም። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ውሸትዎን ነው ማለት ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

በማግስቱ የሐኪሙ ጽሑፍ መጣ። አለቃዬ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። በግራ ብብት ያበጡ ዕጢዎች ታይተዋል ይላል። ክትባት፦ አልወሰዱም። ታካሚዋ ተመልሳ ትምጣ፣ አልትራሳውንድ ይሠራላት፣ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ቀን ከዕጢው በመርፌ ናሙና ይወሰድ።

“ምስኪን” አለች አለቃዬ። “ክትባት ወስጃለሁ ብትል ኖሮ እኔ ራሴ ብዙ አልጨነቅም ነበር።”

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የቀጣይዋ ታካሚ ስም ተጠራ፤ ልጠራት ሄድኩ።

ቀጠሯቸው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተያዘ። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ በደንብ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አስተማሪው የሚለው አይገባኝም። የእናቴን መኪና እየነዳሁ መብራት ላይ ቆሜ አረንጓዴ ሲበራ አልሄድም፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ይነፋብኛል። ማታ ማታ እቤታችን ግቢ ውስጥ ከበሩ እስከ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው እመላለሳለሁ። “ምን ሆነሽ ነው?” ይለኛል አባቴ። “ፈተና አለብኝ” እለዋለሁ። እናገራለሁ ስል፣ አለቃዬ በልምምድ መዝገቤ ላይ ስለ እኔ የምትጽፈው ነገር ይታየኛል። ዝም እላለሁ ስል ደግሞ መርፌው ይታየኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ እሳቸው በእነዚህ ቀናት ምን እያሰቡ እንደሚያድሩ። ምናልባት ራሳቸው ይናገሩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ግን የክትባቱ ነገር ከብብት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልነገርኳቸውም። ጥያቄውን ጠየቅሁ እንጂ ለምን እንደምጠይቅ አላስረዳሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ስንበላ የስልኩ ጸሎት ጀመረ። እናቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። የእሳቸው ድምፅ መጣ።

“እህቶቼ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ጸሎት የምፈልገው” አሉ። “ሐኪሞች ብብቴ ውስጥ አንድ ነገር አይተውብኛል። ሐሙስ መርፌ ይወጉኛል።” ከዚያ በላይ መቀጠል አልቻሉም። ሲያለቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም። የሰው ቀብር ላይ ሌላውን የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ በአንድ ላይ መጸለይ ጀመሩ፤ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ በጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። እኔ እንጀራው በእጄ እንዳለ ተነስቼ ቆምኩ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ እኮ እዚያው ነሽ። ምን አዩባት?”

“እማ፣ መናገር አልችልም። የታካሚ ነገር ማውራት ክልክል ነው።”

“እኔ እናትሽ ነኝ!”

“ብትሆኚም ክልክል ነው።”

“እሺ፣ አትናገሪ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከባድ ነው?”

“እማ!”

“ፊትሽ ግን ተናግሯል” አለችና ማልቀስ ጀመረች። ፊቴ የተናገረው ሌላ ነገር ነበር። ያንን ግን ልነግራት አልችልም። በዚያች ቅዳሜ ሕጉ ትክክል መሆኑን አልጠራጠርም ነበር፤ ግን ልነግረው የሚገባኝ ሰው እንዳለ፣ እሱም እናቴ ሳትሆን አለቃዬ እንደሆነች፣ ያኔ ነው የገባኝ።

ሰኞ ልናገር አስቤ ገባሁ፤ አለቃዬ እረፍት ላይ ነበረች። በዚያ ሳምንት ማክሰኞና ረቡዕ ልምምድ አልነበረኝም፤ ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሐሙስ ጠዋት አባቴን ከወትሮው ቀድሜ ቀሰቀስኩት። አለቃዬ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ያዝኳት።

“ዛሬ የምትመጣው ሴትዮ... በምርመራው ቀን ግራ ክንዷ ላይ ፕላስተር አይቻለሁ።”

“ምን ዓይነት ፕላስተር?”

“ክብ።”

“ትንሽ?”

“ትንሽ። ማየቴን ስታውቅ ላጠችው። ደበቀችው።”

አለቃዬ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። “አንቺስ ምን አልሽ?”

“እሺ አልኩ።”

“እሺ አልሽ።” ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን ይዘሽ እንዴት ተኛሽ?”

“አልተኛሁም።”

ለምን እንዳልጠየቅሁ ላስረዳት ሞከርኩ። ይሉኝታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከበደኝና በአራት አረፍተ ነገር ዞርኩት። በእጇ ምልክት አስቆመችኝ።

“ይበቃል፣ ገብቶኛል። በእኛም አገር አለ፤ ስሙ ብቻ ነው ሌላ። እናቴ በእሱ ምክንያት የተጎዳ እግሯን ለወር ያህል ከሐኪም ደብቃለች፤ ሐኪሙ የአክስቴ ልጅ ስለነበር።” ትንሽ አሰበች። “እኔ ልጠይቃት እችላለሁ። ግን እኔ ከጠየቅኋት አንቺ እንዳሳበቅሽባት ታውቃለች። አንቺ ግን ያልሞላሽው ቅጽ አለሽ። ሄደሽ ሙዪው። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት።”

“እምቢ ቢሉኝስ?”

“ያን ጊዜ እኔ እገባለሁ። አሁን ግን ያንቺ ነው።”

እሳቸው ጋውኑን ለብሰው፣ ነጠላቸውን በላዩ ደርበው፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተቆላልፏል። ሲያዩኝ በዓይናቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

“እትዬ፣ አንድ ጥያቄ በትክክል ሳልሞላ ቀርቻለሁ።”

“የትኛውን?”

“የክትባቱን።”

ፈገግታው ጠፋ። “ነግሬሻለሁ እኮ።”

“አልነገሩኝም እትዬ። እኔ ነኝ ራሴ የሞላሁት። ክትባት የብብት ዕጢ ሊያሳብጥ ይችላል። ለዚህ ነው የሚጠየቀው። ያኔ ላስረዳዎት ይገባ ነበር።”

ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። “ከእናትሽ ጋር አውርተሻል?”

“አላወራሁም። ማውራትም አልችልም፤ ከትምህርት ቤት ያባርሩኛል።”

“ታዲያ ማን ላከሽ?” ድምፃቸው ተቆጣ። “እኔ አልወሰድኩም! የእኔን አቋም ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቀዋል።”

ተሸንፌ ልወጣ በሩን ያዝኩ። ከዚያ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ አዲስ ቅጽ አወጣሁ፣ ሌሎቹን ታካሚዎች ሁሉ በምጠይቅበት አነጋገር በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። “እንደምን አደሩ። እኔ ተማሪ ነኝ። ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን ይንገሩኝ።”

አዩኝ። ጀርባቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ስማቸውን ተናገሩ፤ የትውልድ ቀናቸውን ተናገሩ። በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ሌላ ነው፤ አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ኩዌት ውስጥ ለአለቆቻቸው መልስ ሲሰጡ የተናገሩበት ድምፅ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመርኩ። ዲዮዶራንት? የለም። ፓውደር? የለም። በቤተሰብ? የለም። ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና? የለም። ብጣሿ ወረቀት ላይ ደረስኩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

“የኮቪድ ክትባት ወስደዋል?”

“አዎ።”

“መቼ?”

“ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት በነበረው ቅዳሜ።”

“በየትኛው ክንድ?”

“በግራ።”

ጻፍኩ።

“ያቺ አለቃሽ ብትጠይቀኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግራት ነበር” አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። ቁጣው አልቋል፤ ደክሟቸዋል። “ሐበሻ ሲመጣብኝ ምን ልበል? አንቺ ቅጽ ይዘሽ ስትቀመጪ እኔ የማየው እናትሽን ነው።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ከእኔ ጋር ስምንት ዓመት አንድ ፎቅ ያጸዳች ሴት ሞተችብኝ። ሜክሲኳዊት ናት። ሰኞ አብረን አንሶላ አጠፍን፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እቤቴ ደግሞ እናቴ አለች። ምን ላድርግ?”

“ትክክል ነው ያደረጉት እትዬ።”

“ትክክል መሆኑንማ አውቃለሁ። ያስፈራኝ እሱ ነው እንዴ?”

ይህን መናገር ይገባኝ አይገባኝ ዛሬም አላውቅም፤ ግን ተናገርኩ። “እኔም ወስጃለሁ። እማ አታውቅም።”

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ማስካቸው ከሳቅ የተነሳ ሲነፋ አየሁት። “አንቺ ውሸታም! በግ መስለሽ!” አሉና ጉልበቴን መቱኝ። ከዚያ ወዲያው እንባቸው መጣ፤ የጋውኑን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

ሐኪሙ ቅጹን አንብቦ ገባ። አልትራሳውንዱን ራሱ አደረገ። ዕጢዎቹ አብጠዋል፣ ቅርጻቸው ግን አልተበላሸም አለ። ክትባቱ በዚያው በኩል ከሆነ ዛሬ መርፌ አያስፈልግም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታይ። ያን ጊዜ ካልወረደ ግን ናሙና መውሰድ ግድ ነው። “መምጣትዎን እንዳይረሱ” አላቸው ደጋግሞ። “አልረሳም” አሉ።

አለቃዬ በዚያ ቀን መዝገቤ ላይ ረጅም ነገር ጻፈችና ፊርማዬን ጠየቀችኝ። ዘግይታ ተናገረች፤ ግን ተናገረች ይላል። ከፍና ዝቅ የለውም። ፈረምኩ።

ያ እሁድ ቤተ ክርስቲያናችን ወንበሮቹን አራርቆ እንደገና ሰው በአካል መሰብሰብ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ከመዝሙሩ በኋላ ምስክርነት ያለው ሰው ይውጣ ሲባል እሳቸው ተነሱ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል። ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ሐኪሞቹ መርፌውን አዘጋጅተው ነበር” አሉ። “ትሪው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መርፌው ግን ተመለሰ!”

“ሃሌሉያ!” አዳራሹ ተናወጠ።

“ዛሬ አያስፈልግም አሉኝ! ሂጂ አሉኝ!”

አንድም ውሸት የለበትም። ቃል በቃል የሆነው ነው። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። “አየሽ? እናንተ ሳይንስ ሳይንስ በሉ።” አሜን አልኩ። ከልቤም ነው ያልኩት። ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ስድስት ሳምንት የሚለው በምስክርነቱ ውስጥ አልነበረም። የተፈወሰ ሰው ለምን ተመልሶ ይሄዳል? ቢሄዱ፣ ያዩዋቸው ሰዎች ምን ይላሉ?

የፈራሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእናቴ አፍ ወጣ። “ሌላ ቀጠሮ አላት አሉ” አለችኝ ሰሃን እያጠበች። “ምን ትሠራለች? ጌታ ፈውሷታል። አሁን መሄድ እኮ መጠራጠር ነው አልኳት።”

“ምን አሉሽ?”

“ወሬ ቀየረች።”

“እማ፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ይሂድ። ቢሄዱ ምን ይጎዳቸዋል?”

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ?”

“ምንም። በጠቅላላው ነው የምናገረው።”

ሰሃኑን ተቀብያት ማድረቅ ጀመርኩ፤ ደርቆም አልተውኩትም።

ቀጠሯቸው የዋለው የልምምዴ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ተራ የእሳቸው ነበረች። አልመጡም። አለቃዬ ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። “እኔ ልደውል?” አልኳት። “አንቺ ተይ” አለችኝ። ሁለተኛዋ ታካሚ ገባች፣ ወጣች። እኔ በመጠበቂያው ክፍልና በአሳንሰሩ መሃል እመላለሳለሁ፤ የአሳንሰሩ በር በተከፈተ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ወታደር፣ ወይም የተሽከርካሪ ወንበር ገፊ ይወጣል፣ ወይም ማንም አይወጣም። “ቁጭ በይ፣ ራስ አዞርሽኝ” አሉኝ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት።

ሦስተኛዋ ልትጠራ ስትል በሩ ተከፈተ። የሆቴሉን የሥራ ልብስ ለብሰዋል፤ ባጃቸው ወደ ውስጥ ተገልብጧል።

“ለሥራ ቦታ ሐኪም ጋ ነኝ ብያለሁ፤ ለእናትሽ ደግሞ ሥራ ነኝ ብያታለሁ” አሉ እያለከለኩ። “አንዱ እውነት ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ልግባ፣ አልግባ ስል ሰዓቱ ሄደ።”

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ጠየቅኋቸው። “እትዬ፣ እኔ ልግባ ወይስ ውጭ ልቁም? የፈለጉትን ይንገሩኝ፤ አይከፋኝም።”

አዩኝና ክንዴን ጫን አደረጉ። “ውጭ ቁሚ። ግን አትሂጂ።”

ቆምኩ። አለቃዬ ይዛቸው ገባች። ሐኪሙ ገባ። በሩ ወፍራም ነው፤ ምንም አይሰማም። ሐኪሙ ወጣ፤ ፊቱ ላይ ማስክና መነጽር ብቻ ነው ያለው፤ ምንም አይነበብም። ከዚያ እሳቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወጡ።

“ወርዷል” አሉ። “ንጹሕ ነው። ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ብቻ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን!”

“ይመስገን። ለሁሉም ይመስገን።”

“እሁድ ይመሰክራሉ?” አልኳቸው፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

“ይሄኛውንማ ምን ብዬ? ተመስክሮ ያለቀ ነገር ነው” አሉና ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

የሚቀጥለውን ዓመት ቀጠሮ ለማስያዝ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ አብሬያቸው ሄድኩ። ቀኑን መረጡ። ከዚያ በጣታቸው እኔን እያሳዩ በእንግሊዝኛ፣ “ይህቺ ልጅ ያን ጊዜ እዚህ ተቀጥራ ብትገኝ፣ እኔን ሌላ ሰው ትቀበለኝ” አሉት።

ጸሐፊው ደነገጠ። እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ቅሬታ አለ?”

“ኧረ የለም! ጎበዝ ልጅ ናት” አሉት። “ግን እናቷን አውቃታለሁ።”